የሃያ ሰባት ዓመቱ ጀማሪ

ካርዱን ያገኘሁት መሬት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሐምሌ ወር ገደማ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታትም፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በዚያን ጊዜ በሲያትል ከተማ ከቤዝቦል ስታዲየሙ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ በማታ ሽፍት እሠራ ነበር። ጨዋታ ባለበት ቀን ሥራው የሚጨንቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰው ሲመጣና ሰው ሲሄድ። የመጨረሻው መኪና ከወጣ በኋላ ቆሻሻ ስለቅም፣ ሞተር ዘይት ካንጠባጠበበት ቦታ አጠገብ በፊቱ የተደፋ አንድ ካርድ አየሁና አነሣሁት። አንዱ ጥግ ታጥፏል፤ በጠርዙ ላይ ዘይት ነክቶታል።

ፊቱን ሳላየው ጀርባውን አነበብኩ፤ ምክንያቱም ጀርባው ሠንጠረዥ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሠንጠረዥ ካየሁ ማለፍ አልችልም። ደሴ ከተማ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በሠንጠረዡ ላይ አራት መስመሮች ነበሩ፤ 2001፣ 2002፣ 2003 እና 2004። ከዓመቶቹ ጎን ከተደረደሩት ዓምዶች መካከል በአንደኛው ውስጥ 242፣ 208፣ 212 እና 262 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። በቃሌ ደመርኳቸውና 924 መጡልኝ፤ ከታች የተጻፈው ድምርም 924 ነበር። ካርዱን ስገለብጠው ነጭ መለያ የለበሰ ቀጭን ሰው፣ በቀኝ እጁ የያዘውን ዱላ ሽቅብ አቁሞ ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በግራ እጁ ደግሞ የቀኝ ትከሻውን እጅጌ ሳብ አድርጎ ቆሟል። ጨዋታውን ባላውቅም እሱን አላውቀውም ማለት አልችልም ነበር፤ በከተማው አውቶቡሶች ላይ ሳይቀር ምስሉ ተለጥፎ ነበርና። ኢቺሮ ነው፤ የከተማው የቤዝቦል ቡድን፣ የማሪነርስ፣ ተጫዋች።

ቤዝቦል ለማያውቅ አንባቢ የቁጥሮቹን ትርጉም በአጭሩ ላስረዳ። ኳስ ወርዋሪው ይወረውራል፤ መቺው ይመታል፤ ተከላካዮቹ ኳሷን በአየር ላይ ሳይቀልቧት፣ ወይም ከመሬት አንሥተው ወደ መጀመሪያው ቤዝ (መቺው ሮጦ ሊረግጠው ወደሚገባው የሜዳ ምልክት) ሳያደርሷት መቺው ራሱ ሮጦ ከደረሰ፣ ያ «ሂት» ይባላል። ከአሥር ሙከራ ሦስቱ ከተሳኩለት ጎበዝ ነው የሚባለው፤ ማለትም ከአሥር ሰባቱን የሚወድቅ ሰው በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሊቅ ሊባል ይችላል። ለአስተማሪ ይህ የሚገርም የውጤት አሰጣጥ ነው። በአንድ የውድድር ዓመት 200 ሂት ማግኘት ደግሞ ጥቂቶች የሚደርሱበት ነገር ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ሰው በአራቱም ዓመታት አልፎታል።

የከነከነኝ ግን የመጀመሪያው መስመር ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ 242? አብሮኝ የሚሠራውን፣ ከእኔ ቀድሞ ሃያ ዓመት አሜሪካ የኖረውን ጋሼን (ሁላችንም እንዲሁ ጋሼ ነበር የምንለው) ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ይሄ ሰው በመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንዲህ ሆነ?» ካርዱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየና ሳቀ። «የመጀመሪያ ዓመት አይደለም እኮ! አገሩ ላይ ዘጠኝ ዓመት ተጫውቶ ነው የመጣው። እዚህ ግን ጀማሪ አሉት። አንተስ ጀማሪ ነህ እንዴ?»

አንባቢዬ የጥያቄውን ጫፍ ሳይረዳው አይቀርም። በመጣሁ ሰሞን ለአንድ ትምህርት ቤት ያስገባሁት ቅጽ «በአሜሪካ ያለህ የሥራ ልምድ» የሚል ሣጥን ነበረው፤ እኔም በሐቀኝነት ዜሮ ጻፍኩበት። ከዚያ በኋላ መኪና ማቆሚያ ገባሁ። ይህን የማነሣው ለማማረር አይደለም፤ ያን ካርድ ለምን ኪሴ ውስጥ እንደከተትኩት፣ ለምንስ በቀጣዮቹ ዓመታት ስለማልጫወተው ጨዋታና ስለማላውቃት አገር እንዲህ ተከታትዬ እንዳነበብኩ ለማስረዳት ነው። በካርዱ ጀርባ ያልተጻፉትን ዘጠኝ መስመሮች መፈለግ ጀመርኩ።

ኢቺሮ ሱዙኪ በጃፓን አይቺ ክፍለ ሀገር ቶዮያማ በተባለች ከተማ ጥቅምት 22 ቀን 1973 ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ዱላ አስያዘው፤ ከፍ ሲል ደግሞ አባትና ልጅ በየቀኑ ኳስ በማሽን ወደሚወረወርበት የልምምድ ቤት ይሄዱ ነበር። ለቀኝ እጁ የተፈጠረ ልጅ ቢሆንም ዱላ የሚይዘው በግራ ነው፤ በግራ የሚቆም መቺ ለመጀመሪያው ቤዝ ጥቂት እርምጃ ይቀርባልና። ስድስተኛ ክፍል ሳለ ስለ ምኞቱ በጻፈው ድርሰት ላይ ከ365 ቀን 360ውን ጠንካራ ልምምድ እንደሚያደርግ ገልጿል። ይህ ድርሰት ጃፓን ውስጥ የማያውቀው የለም ይባላል። እኔን የገረመኝ ምኞቱ አይደለም፤ ምኞት ሁሉም ልጅ አለው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አምስቷን የዕረፍት ቀን ለይቶ መቁጠሩ ነው የገረመኝ።

በ1991 ማብቂያ ላይ የኮቤ ከተማው የቤዝቦል ቡድን ኦሪክስ ብሉዌቭ መረጠው፤ ያውም በአራተኛ ዙር፣ ማለትም ብዙዎች ከተመረጡ በኋላ። በ1992 በዋናው ቡድን 24 ሂት አገኘ። በ1993 ደግሞ 12 ብቻ። የወቅቱ አሰልጣኝ ሾዞ ዶይ አመታቱን አልወደደውም ነበር፤ ልጁ ኳሷ ስትመጣ ቀኝ እግሩን እንደ ግድግዳ ሰዓት ዘንግ እያወዛወዘ፣ የሰውነቱን ክብደት ወደ ፊት እየለቀቀ ነው የሚመታው፤ በመጽሐፉ ደንብ ይህ ስሕተት ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ የመጀመሪያ ሆም ራኑን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚልክ ምት)፣ ኋላ ለጃፓናውያን የአሜሪካን በር በከፈተው ወርዋሪ በሂዴኦ ኖሞ ላይ መታ፤ ይህም አልጠቀመውም፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ተጠባባቂው ቡድን መለሱት።

ካርድ ሰብሳቢዎች ዛሬ ዓይናቸውን የሚጥሉበት ካርድ የታተመው በዚያ ዓመት፣ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ነው። ጃፓን የራሷ የካርድ ባህል አላት። ካልቢ የተባለው የቺፕስ ኩባንያ ከ1973 ጀምሮ ከምግቡ ከረጢት ጋር የተጫዋቾችን ካርድ እያያያዘ ሲሸጥ ኖሯል፤ ኢቺሮ በተወለደበት ዓመት መጀመሩ እንዲያው አጋጣሚ ነው። በ1991 ደግሞ ቤዝቦል ማጋዚን ሻ የተባለው አሳታሚ «ቢቢኤም» በሚል ምልክት፣ በአሜሪካው ዓይነት በወፍራም ወረቀት፣ በፓኮ የሚሸጥ ካርድ ማውጣት ጀመረ። በ1993ቱ ስብስብ ውስጥ ቁጥር 239 ሆኖ የወጣው ልጅ በዋናው ቡድን በስሙ የተመዘገበለት 24 ሂት ብቻ ነበር። ፓኮውን ከፍቶ እሱን ያገኘ የዚያን ጊዜ ልጅ የት እንዳደረገው መገመት አያስቸግርም፤ እኛ ቆርኪ ስንሰበስብ የተጣመመውን እንደምናደርገው ነው። ዛሬ ያንኑ ካርድ ያስቀመጡ ሰዎች ፒኤስኤን ለመሰሉ መርማሪ ድርጅቶች ይልኩታል፤ ጥጎቹ፣ ጠርዞቹ፣ የምስሉ መሐልነትና የላዩ ንጽሕና ተመዝኖ ከ10 ውጤት ይሰጠዋል፤ ከዚያም በጠንካራ ፕላስቲክ ይታሸጋል። ተጫዋቹን ከ10 ሦስት ያስመሰገነው ጨዋታ፣ ከካርዱ ግን ዐሥር ከዐሥር ይጠይቃል።

በ1994 አዲስ አሰልጣኝ መጣ፤ አኪራ ኦጊ። ኦጊ ሁለት ነገር አደረገ። አመታቱን እንዳለ ተወለት፤ ስሙን ግን ቀየረው። ሱዙኪ በጃፓን እጅግ ከተለመዱት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ስለሆነ፣ በመለያው ጀርባ ላይ «ኢቺሮ» ብቻ ተብሎ እንዲጻፍ አስመዘገበው። አንድ የቡድን ጓደኛውም አብሮት «ፓንች» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ እሱን ዛሬ ከጃፓን ውጭ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በቤተሰብ ስም ለሚጠራራ ሕዝብ ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። ለእኛ ግን ሰውን በራሱ ስም ከመጥራት የበለጠ ተፈጥሯዊ ነገር ምን አለ? እኔ በሥራ ቦታዬ ደረት ላይ በሚለጠፈው መታወቂያ በአያቴ ስም ስጠራ ዓመታት አልፈውኛል፤ አያቴ መኪና ነድተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ኢቺሮ አሜሪካ ሲመጣም በማሪነርስ መለያ ላይ የራሱን ስም አስጽፎ ነው የተጫወተው፤ አጠገቡ ያሉት ሁሉ በቤተሰብ ስም ሲጠሩ።

በስሙ በተጠራበት በመጀመሪያው ዓመት 210 ሂት አገኘ። የጃፓን ሊግ የውድድር ዓመት በዚያን ጊዜ 130 ጨዋታ ብቻ ስለነበረ፣ ከእሱ በፊት 200 የደረሰ ሰው አልነበረም። አማካዩ (ከሙከራዎቹ መካከል ሂት የሆኑት ድርሻ) 0.385 ነበር። ከዚያ ዓመት እስከ 2000 ድረስ ሰባት ዓመት በተከታታይ የሊጉ ቀዳሚ መቺ ሆነ።

ስለ ኮቤ ዓመታቱ የማውቀውን ከመጻሕፍት ይልቅ የሰማሁት ከጎረቤቴ ነው። ቢከን ሂል በሚባለው ሠፈር በምንኖርበት ሕንፃ ከእኛ በላይ ያሉ የኮቤ ተወላጅ አሮጊት አሉ፤ እኔና ባለቤቴ በመካከላችን «እማማ» እንላቸዋለን። ጥር 17 ቀን 1995 ኮቤን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ሲገድል እሳቸው ሲያትል ነበሩ፤ እኅታቸው ግን እዚያው ነበረች። ቡድኑ ከተማዋን ጥሎ አልሄደም፤ «ጋምባሮ ኮቤ» የሚል ጽሑፍ በእጅጌው ላይ ሰፍቶ ተጫወተ። ትርጉሙን ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና «አይዞን ማለት ነው፤ አይዞሽ ሳይሆን አይዞን» አሉኝ፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙረው ያስረዱኝን እኔ ነኝ ወደ አማርኛ ያሳጠርኩት። በዚያ ዓመት ቡድኑ የፓሲፊክ ሊግን ዋንጫ ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የቶኪዮውን ኃያል ቡድን፣ ጃያንትስን፣ አሸንፎ የጃፓን ሻምፒዮን ሆነ። እማማ ይህን ሲያወሩ እጃቸው ሳያውቁት የግራ እጅጌያቸውን ይነካል።

ከአሜሪካው ካርድ ጀርባ ላይ የጠፋው ይህ ሁሉ ነው። 1,278 ሂት፣ 0.353 አማካይ፣ አንድ የፈረሰች ከተማ።

ወደ ሲያትል የመጣበት መንገድም በካርድ ያለፈ ነው ብል ቀልድ አይሆንም። የማሪነርስ ትልቁ ባለድርሻ በዚያን ጊዜ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺ ነበር፤ ኒንቴንዶ ደግሞ ከኮምፒዩተር ጨዋታ በፊት፣ በ1889 በኪዮቶ ከተማ ሲመሠረት፣ የመጫወቻ ካርታ አታሚ ነበር። በ2000 ኅዳር ክለቡ ከኢቺሮ ጋር ለመደራደር ብቻ ለኦሪክስ 13.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል አሸነፈ። ከእሱ በፊት ከጃፓን የመጡት ሁሉ ወርዋሪዎች ነበሩ፤ በየቀኑ የሚሰለፍ መቺ ግን አልመጣም ነበር። ቀጭን ነው፣ የአሜሪካን ፈጣን ኳስ አይችለውም ያሉ ብዙ ነበሩ።

ሚያዝያ 11 ቀን 2001 በኦክላንድ የሆነውን በቪዲዮ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ኳሷ ወደ ቀኝ መስክ ትመታለች፤ ቴረንስ ሎንግ የተባለው የኦክላንድ ሯጭ ከመጀመሪያው ቤዝ ተነሥቶ ሁለተኛውን አልፎ ወደ ሦስተኛው ይገሰግሳል፤ ያን ያህል ርቀት ላይ ካለ ተከላካይ ማንም የሚፈራ የለም። ኢቺሮ ኳሷን እየሮጠ ከሣር ላይ አነሣት፤ ወረወራት። ኳሷ ቀስት አልሠራችም፤ ልክ በማስመሪያ እንደተሰመረ መስመር ሄዳ በሦስተኛው ቤዝ በቆመው ተከላካይ ጓንት ውስጥ፣ ጓንቱ ሳይንቀሳቀስ ገባች። ሎንግ የደረሰው ከኳሷ በኋላ ነው። ለተማሪዎቼ ስለ አጭሩ ርቀት ሳስተምር ይህ ቪዲዮ በእጄ ቢኖር እል ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ 242 ሂት፣ 0.350 አማካይና 56 የተሰረቀ ቤዝ (ኳሷ ሳትመታ ሮጦ የደረሰበት) ይዞ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ማሪነርስም 116 ጨዋታ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሌላም ሽልማት ተሰጠው፤ «የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ» የሚል። ዕድሜው ሃያ ስምንት ሊሞላ ቀናት ሲቀሩት ነበር መደበኛውን ውድድር የጨረሰው። ሁለቱን ሽልማት በአንድ ዓመት የወሰደ ከእሱ በፊት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በ1975 ፍሬድ ሊን።

ይህ «ጀማሪ» የሚለው ቃል በቤዝቦል ዓለም ውስጥ ራሱ ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። ኖሞ በ1995፣ ወርዋሪው ካዙሂሮ ሳሳኪ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ በ2000 ይህንኑ ሽልማት ወስደዋል። በ2003 ግን ሂዴኪ ማትሱይ ወደ ኒው ዮርክ ሲመጣ፣ ሁለት መራጮች «በጃፓን የተጫወተ ሰው ጀማሪ አይደለም» ብለው ስሙን ከዝርዝራቸው ጨርሰው አስወጡት፤ ማትሱይም በጥቂት ነጥብ ተሸነፈ። ልብ በሉ፤ ልምዱን ያከበሩለት በዚያች ዕለት ብቻ ነው፣ ያም ሽልማት ለመንፈግ። እንዲህ ያለውን ነገር ከአገር የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳያገኘው አይቀርም፤ ልምዱ ደመወዝ ሲተመን የለም፣ «ከሚጠበቀው በላይ ተምረሃል» ለመባል ሲሆን ግን ይመጣል።

ካርድ ሰብሳቢዎችም የዚህ ክርክር ተካፋዮች ናቸው። በዚህ ንግድ ውስጥ ከሁሉም የሚወደደው የተጫዋቹ «የጀማሪ ካርድ» ነው። የኢቺሮ የቱ ነው? አሜሪካውያኑ 2001 ይላሉ፤ በዚያ ዓመት ቶፕስም ሌሎቹም አታሚዎች እየተሻሙ አወጡት፤ ቦውማን ክሮም የተባለው ስብስብማ አንዱን በእንግሊዝኛ ሌላውን በጃፓንኛ አድርጎ ሁለት ዓይነት አተመ። ሌሎች ደግሞ 1993ቱን ቢቢኤም ያነሣሉ። አንዳንድ ነጋዴዎች በመሐል ገብተው «የጃፓን ጀማሪ» እና «የአሜሪካ ጀማሪ» ብለው ሁለቱንም ይሸጣሉ። እኔ እንደ ነጋዴዎቹ ነኝ፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊጀምር እንደሚችል የገባቸው እነሱ ናቸው። ለገንዘብ ሲሉ ቢሆንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ በየትም ያገኘዋልና ቶሎ ልለፈው። በ2004 ካርዴ ላይ የመጨረሻው መስመር የሆነውን 262 ሂት አገኘ፤ ጆርጅ ሲስለር በ1920 ያስመዘገበው 257 ከሰማንያ አራት ዓመት በኋላ ወደቀ። የሲስለር ልጅ በስታዲየሙ ተገኝታ ነበር፤ ኢቺሮም በ2009 ወደ ሴንት ሉዊስ ሲሄድ የሲስለርን መቃብር ጎብኝቶ አበባ አኖረ። እስከ 2010 አሥር ዓመት በተከታታይ ከ200 በላይ መታ። ከዚያ ቁጥሩ እንደ ማንኛውም የሰው ልጅ ጉልበት እያሽቆለቆለ ሄደ፤ 184፣ 178፣ 136፣ 102፣ 91። በመሐል ወደ ኒው ዮርክ፣ ቀጥሎም ወደ ማያሚ ተዛወረ።

በሰኔ 2016 ግን የቆየው የቁጥር ጉዳይ እንደገና ተነሣ። የጃፓኑና የአሜሪካው ሂት ሲደመር 4,257 ደረሰ፤ የአሜሪካዊው ተጫዋች የፒት ሮዝ የምንጊዜም ክብረ ወሰን 4,256 ነው። ሮዝ ቅር አለው፤ ቀጥሎ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂቶቹን ሊቆጥሩለት ነው ብሎ ተሳለቀ። የእማማ ቤተሰብ ከኮቤ ደውለው እንኳን ደስ ያለን አሉ። እኔ ደግሞ ከሁለቱም ወገን አልሆንኩም። አሃዳቸው የተለያየን ነገሮች አትደምሩ እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ መቶ ብርና መቶ ዶላር ሁለት መቶ አይሆንም። የጃፓኑ ሊግ ወርዋሪዎች፣ የኳሱ መጠን፣ የዓመቱ የጨዋታ ብዛት ሁሉ ይለያል። ይሁን እንጂ አሃዱ ተለየ ብሎ ብሩን ዜሮ ነው ማለት ከዚያ የባሰ ስሕተት ነው፤ የምንዛሪ ዋጋውን አለማወቅ ገንዘቡ የለም ማለት አይደለም። ኢቺሮ ራሱ ለድምሩ ያን ያህል እንደማይጨነቅ ተናግሮ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰዎች የሳቁበትን ነገር ሲያሳካ መኖሩን ግን አስታወሰ። በሁለተኛው ወር ነሐሴ 7 ቀን በኮሎራዶ፣ ማንም የማይከራከርበትን 3,000ኛውን የአሜሪካ ሂት አገኘ።

የመጨረሻው ቀን መጋቢት 21 ቀን 2019 ነበር። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 12 ቀን 2011 ይሆናል፤ የተወለደበትም ቀን ቢሰላ ጥቅምት 12 ቀን 1966 ነውና ሁለቱም በሚካኤል ውለዋል። ይህን ለእማማ ስነግራቸው እሳቸውም የራሳቸውን አመጡ፤ ጃፓኖች ዓመትን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስለሚቆጥሩ፣ ያ ዓመት ሄይሴይ 31 ነበር፣ ዘመኑም ከአርባ ቀን በኋላ ሊያበቃ ነው። የሦስት አቆጣጠር ሰዎች ሆነን ሻይ ጠጣን።

ማሪነርስ የዓመቱን ውድድር በቶኪዮ ዶም ከኦክላንድ ጋር ነበር የከፈተው። ጨዋታው ሲጀመር በሲያትል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። በዚያን ጊዜ የመኪና ማቆሚያውን ትቼ በሌላ ቦታ የሌሊት ጥበቃ ነበርኩ፤ ስልኬን ከቡና ኩባያ አስደግፌ አየሁ። ጨዋታው በመካሄድ ላይ ሳለ፣ ሊያቆም ነው የሚለው ወሬ ቀድሞ ወጣ። በስምንተኛው ዙር ለመጨረሻ ጊዜ ዱላ ይዞ ቆመ፤ አርባ አምስት ዓመቱ ነው። ኳሷን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ወደሚቆመው ተከላካይ በመሬት መታትና ሮጠ። ለአንድ እርምጃ ያህል የሚደርስ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ አልደረሰም። ከዚያ ወደ ቀኝ መስክ ወጥቶ ቦታውን ያዘ፤ አሰልጣኙ ያኔ ነው የቀየረው፤ ለመሰናበት ሜዳው ሁሉ የእሱ እንዲሆን። የቡድን ጓደኞቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ አቀፉት። በዚያች ሌሊት በአሜሪካ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን የጀመረው ወጣቱ ጃፓናዊ ወርዋሪ ዩሴይ ኪኩቺ ፊቱን መሸፈን እስኪያቅተው አለቀሰ። ጨዋታው በ12ኛው ዙር ካለቀ በኋላም ሕዝቡ አልወጣም፤ ተመልሶ ሜዳውን እስኪዞርላቸው ጠበቁት።

እኩለ ሌሊት አካባቢ የጀመረው ጋዜጣዊ መግለጫ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘለቀ፤ በመጨረሻ ራሱ «ራበኝ» ብሎ አሳቃቸው። ከተናገረው ሁሉ እኔ የያዝኩት አንዱን ነው። አሜሪካ በመሄዱ የውጭ አገር ሰው ሆነ፤ የውጭ አገር ሰው መሆኑም የሌላውን ስሜት እንዲያስብ፣ ሕመሙንም እንዲገምት አደረገው፤ ቀድሞ ያልነበረ ማንነት ወጣለት፤ ይህም ተነብቦ ሳይሆን ተኖሮ ብቻ የሚመጣ ነው አለ። ትርጉሙን በማግስቱ ነው ያነበብኩት፤ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ፤ መውረጃዬን አሳለፍኩት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከቡድን ጓደኞቹ ራቅ ያለ፣ ኩሩ ሰው ነው እየተባለ ይወራበት ነበር። ምናልባትም ነበር። ነገር ግን በሁለተኛ ቋንቋ የሚኖር ሰው ዝምታ ከኩራት ጋር እንደሚምታታ ጋሼም እኔም እናውቀው ነበር።

በጥር 2025 የአሜሪካው የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ ከ394 ድምፅ በ393ቱ መረጠው። አንዷ ድምፅ የት እንደቀረች አገሩ ሁሉ ሲመራመር ሰነበተ፤ እኔ ግን በአንዷ አልተገረምኩም። የአዳራሹ ደንብ ቢያንስ አሥር የአሜሪካ ዓመታት ይጠይቃል፤ ያሉትም 3,089 ሂቶች በሥፍር ሞልተው የሚፈሱ ናቸው። የጃፓን ዓመታቱ አላስፈለጉም ነበር።

ባለፈው ክረምት ልጄ ከኮሌጅ ስትመጣ የካርድ አልበም ገዛችልኝ፤ በየገጹ ዘጠኝ ኪስ ያለው፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደው ዓይነት ነው። «አባዬ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ነውር ነው» አለችኝ። ለዓመታት አንዳንድ ብር እየከፈልኩ፣ ጥጋቸው የተጎዳውን እየመረጥኩ፣ ለእያንዳንዱ የአሜሪካ ዓመት አንድ አንድ ካርድ አጠራቅሜ ነበር። ከ2001 እስከ 2019 አሥራ ዘጠኝ ይሆናሉ። የጃፓኑ ዘመን ዘጠኝ ዓመት ስለሆነ በአንድ ገጽ ልክ ይሞላል፤ ለዚያ ገጽ ግን ያለኝ አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ እማማ በ2000 እኅታቸው ከኮቤ የላከችላቸውን የካልቢ ካርድ ሰጥተውኛል፤ ቀጭን ነው፣ እስካሁንም የቺፕስ ሽታ ያለው ይመስለኛል። ከጽሑፉ የማነበው 51 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው። ያ የ1993ቱ ቁጥር 239 በእኔ ደመወዝ የሚደረስበት አይደለም።

ልጄ የሞሉትን ገጾች ከፊት አድርጋ ባዶውን ከኋላ ልታስገባ ስትል አስቆምኳት። የጃፓኑን ገጽ ከፊት አደረግነው፤ የካልቢውን ካርድ በመጨረሻው ኪስ ውስጥ፣ ስምንቱን ባዶ ትተን። ቀጥሎ ሁለት ሙሉ ገጾች መጡ፤ በሁለተኛው ገጽ አራተኛ ኪስ ላይ ዘይት የነካው የመኪና ማቆሚያው ካርድ ገባ። አሥራ ዘጠነኛው ብቻውን ወደ አራተኛው ገጽ አለፈ። ልጄ ከማስገባቷ በፊት ገለበጠችውና የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ 2019፣ ሁለት ጨዋታ፣ አምስት ሙከራ፣ ዜሮ ሂት።